ዓይናዲስ ፓምፑን የዘጋችበት በጋ

ዓይናዲስ ሰቆጣ ዳር ባለው የጉድጓድ ውሃ ሥራ የጀመረችው በጠራጊነት ነበር። ጉድጓዱ ያኔ በናፍጣ ሞተር ነበር የሚሠራው። ሽማግሌው ሞተረኛ ጆሯቸው ሲደክም፣ ድምፁን እየሰማች «ዛሬ አሞታል» የምትላቸው እሷ ነበረች። ጡረታ ሲወጡም መፍቻው እሷ እጅ ቀረ። በጦርነቱ ዘመን መብራቱም ናፍጣውም ሲጠፋ፣ የከተማው ሴቶች ከወንዝ ሲቀዱ፣ እሷ ዝም ያለውን ሞተር እየወለወለች ጠበቀች።

ኋላ ሶላሩ ተተከለ። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፤ ፀሐይ ስትወጣ ፓምፑ ይነሳል፣ ስትጠልቅ ይተኛል። ሰውም አራት ጀሪካን ይቀዳ የነበረው ስምንት መቅዳት ለመደ። የዓይናዲስ ሥራ ሰሌዳዎቹን ከአቧራ መጥረግና የቦኖውን ሰልፍ ማስከበር ብቻ ሆነ። አንድ ልማድ ግን አልተወችም። በየክንዱ የቋጠረችውን ሲባጎ፣ ጫፉ ላይ ብሎን አስራ፣ በጉድጓዱ ጎን ባለች ቀጭን ቱቦ ትሰድና ውሃው የት እንዳለ ማለዳ ማለዳ ታያለች። በጥር ሃምሳ ክንድ ላይ ያገኘችው ውሃ ሚያዝያ ላይ ስልሳ ሁለት ገባ፤ ፓምፑ የተሰቀለው ስልሳ ስድስት ላይ ነው።

ሶላሩን ለሚከታተለው ለመሐንዲሱ ለወንዳወቅ ደወለች።

«የኔ ልጅ፣ ውሃው እየሸሸ ነው።»

«እትዬ ዓይናዲስ፣ እኔ እዚህ ስልኬ ላይ አየዋለሁ፤ ደህና ነው ይላል። ውሃው ካነሰ ደግሞ ፓምፑ ራሱ ይቆማል። እርስዎ አያስቡ።»

በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ሦስቴም ያንኑ አላት። በአራተኛው ቀን ሲባጎው ከፓምፑ በላይ ሁለት ክንድ ውሃ ብቻ እንደቀረ ነገራት። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ማብሪያውን ዘጋችው።

ሰልፉ ተንጫጫ። አንዷ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ረገመቻት። ሻይ ቤት ያላት ሰይዳ ባዶ ጀሪካኖቿን ጥላ ገሰገሰች።

«ፀሐይዋ የአላህ፣ ውሃው የአላህ፤ አንቺ ማን ነሽና ነው የምትዘጊው?»

ዓይናዲስ ወደ ቱቦዋ ወሰደቻት። ሲባጎውን አስጨበጠቻት። «ነይ፣ ራስሽ ስደጂው። ፓምፑ ስልሳ ስድስተኛው ቋጠሮ ላይ ነው።»

ሰይዳ ሰደደች፤ ሳበች። ቋጠሮውን እየዳሰሰች ስትቆጥር ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። ተመልሳ ለሰልፉ ምን እንዳለች ዓይናዲስ አልሰማችም፤ ሰዉ ግን እያጉረመረመም ቢሆን ተበተነ።

ወንዳወቅ በማግስቱ ተቆጥቶ መጣ፤ ከቀትር በኋላ መሣሪያውን አውጥቶ ሲያይ ግን አንገቱን ደፋ። የውሃውን ከፍታ የሚለካው መሣሪያ ደለል ይዞት ኖሯል፤ ስልኩ ሲያሳየው የከረመው የጥር ወርን ውሃ ነው። ፓምፑ በደረቅ ቢዞር ይቃጠል ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት።

«እኔን ተወኝ። ሰዓቱን ቀንስልኝ።»

ፓምፑ በቀን አራት ሰዓት ብቻ እንዲሠራ አደረገው። ለየቤቱ ሁለት ጀሪካን ደረሰ። ለሁለት ወር ዓይናዲስ ገበያ በወጣች ቁጥር ሰዎች ፊታቸውን ያዞሩባት ነበር። ከጉድጓዱ በላይ ያለው ቦረቦር በድንጋይ ካልተገደበ የክረምቱም ዝናብ ወደ መሬት ሳይሰርግ ዝም ብሎ እንደሚያልፍ ለቀበሌው ነገረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠላሳ ሰው መጣ፣ ኋላ አሥራ ሁለት። ወገቧን እያመማት እሷም ድንጋይ አቀበለች።

መስከረም ላይ ውሃው አሥር ክንድ ከፍ አለ። ወዲያው የውሃ ኮሚቴው ሰዎች መጡ። «እንግዲህ ሙሉ ቀን ይሠራ» አሏት።

«ሰዉ ይወልዳል፣ ከተማው ይሰፋል፤ ጉድጓዱ ያው አንድ ነው» አለች ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። «አይሆንም። ካላመናችሁኝ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔም ደክሞኛል።»

ሌላ ሰው አልፈለጉም። የቀኑ አራት ሰዓትም እንዳለ ቀጠለ።