በማመልከቻ የተወለዱ አምስት ልጆች

እትዬ ታይፕን የማያውቃት ሥራ ፈልጎ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ከትልቁ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ጃንጥላ ሥር፣ የጽሕፈት መኪናዋን ታቅፋ ትውላለች። ማመልከቻ ሊያጽፍ የመጣውን ሰው ምን ተማርክ ብላ አትጠይቅም፤ ምን ሲበላሽ ነው ሰው አንተን የሚጠራው ትለዋለች። ሰውየው መጀመሪያ ያፍራል። እየቆየ አፉ ሲፈታ እጁም አብሮ መወራጨት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ነው ጣቶቿ መኪናው ላይ የሚወርዱት። ደብዳቤዋ አጭር ነው፣ ልመና የለበትም። የሚለምን ምጽዋት እንጂ ደመወዝ አያገኝም ባይ ናት።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ጋሽ እንባ አሉ። የእሳቸው ማመልከቻ ድንጋይ ያስለቅሳል። ደንበኛው ሽማግሌም ይሁን ጢሙ ያልበቀለ ጎረምሳ፣ በወረቀቱ ላይ አምስት ልጆች ሳያሸክሙት ከወንበሩ አያስነሱትም። ሁለቱ ተፎካካሪዎች ዓመታት ሲተያዩ ኖረው ሰላምታቸው በአገጭ ብቻ ነበር።

የእትዬ ታይፕ ዓይን ግን ሁልጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በወጣትነቷ እዚያ ካለ ሰፊ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ታይፒስት ነበረች። የመኪናው ጫጫታ፣ በጫጫታው መሃል የሚሾልከው ሐሜት፣ የማን እጮኛ ከማን ጋር ታየ፣ የአለቃው ሚስት በምኗ ኮራች... ኮምፒውተር ገባና ሴቶቹ እንደ ጉም በነኑ። ብቻዋን ስትስቅ ያዩዋት ሰዎች አበደች ይላሉ። አላበደችም፤ የድሮ ወሬ ትዝ ብሏት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የደብዳቤ ጸሐፊ እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ።  መኪናዋ ላይ ወረቀት አስገባች፣ አወጣች፣ ደግማ አስገባች። ለሰው ሁሉ የተፈታ እጇ ለራሷ ሲሆን ታሰረ፤ የጻፈችው ወይ ጉራ ይሆንባታል ወይ ልመና። ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡታል ይባል የለ? የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ መንገዱን ተሻገረችና የጋሽ እንባ ደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"መኪናሽ ታመመ ወይስ አንቺ?" አሉ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

"እኔ ነኝ ጋሼ። ይጻፉልኝ፣ ግን አይሳቁብኝ።"

አልሳቁም፣ ጻፉላት። ሳታነቡ አትፈርሙ እያለች ዓለሙን የምትመክረው ሴትዮ፣ ከእፍረቷ ብዛት ሳታነብ ፈርማ ልታስገባው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሮጠች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ተጠራች። የአስተዳደር ኃላፊው ልጇ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ማመልከቻውን አየት አደረገና፣ "አምስቱን ልጆች ለማን ትተው ሊሠሩ ነው?" አላት።

እትዬ ታይፕ አላገባች፣ አልወለደች። ለእህቴ ብላ ብትዋሽ ያ የናፈቃት ክፍል የራሷ ነው። 

"የእኔ አይደሉም ልጄ፣ የጋሽ እንባ ናቸው" አለች። "ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያድሏቸዋል።"

ኃላፊው የተከመረውን ማመልከቻ ገለጥ ገለጥ አደረገ። ግማሹ አመልካች አምስት አምስት ልጅ አለው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት፣ ታዲያ ሥራውን ለምን እንደፈለገችው ጠየቃት። ሰው ባለበት ክፍል መሥራት ናፍቆኝ ነው አለችው። መልሱ ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ተነስቶ ክፍሉን ሊያሳያት ወሰዳት።

ያው ክፍል ነው፤ ያው መስኮት። ግን በመስታወት ተከፋፍሎ፣ በየሳጥኑ አንዳንድ ሰው በማዳመጫ ጆሮውን ደፍኖ ተቀምጧል። እንደምን ዋላችሁ አለች። ቀና ያለ የለም። ኃላፊው ባዶውን ሳጥን አሳይቶ ሰኞ ይጀምሩ አላት። ወንበሩን በመዳፏ ዳበስ አደረገችው፤ ለስላሳ ነው።

"እግዜር ይስጥህ ልጄ" አለች። "እኔ የምፈልጋቸው ሰዎች ግን ቤት ለቀዋል።"

ወርዳ ጃንጥላዋን አጠፈች፤ ጠረጴዛዋን እየጎተተች መንገዱን ተሻግራ ከጋሽ እንባ ጠረጴዛ ጎን አስጠጋችው።

"ደንበኞቼን ልትቀሚኝ ነው?" አሉ።

"ሐሜት ልሰማ ነው ጋሼ። ምን አዲስ ነገር አለ?"

ጋሽ እንባ ግራ ቀኝ አዩና ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ፤ የዘበኛውን ሁለተኛ ትዳር ከሥሩ ጀመሩላት። ወሬው ጥሩ ነበር፣ ሳቀችም። መሃል መሃል ላይ ግን ዓይኗ እያመለጣት ወደ ሁለተኛው ፎቅ ይወጣል፤ እሳቸውም አይተው እንዳላዩ ይቀጥላሉ።