እሾህ የራሷን አንጎል ያየች ቀን

የጭንቅላት ምስል በሚነሳበት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችውን ሴት ሠራተኛው ሁሉ በሌለችበት «እሾህ» ይላታል። ሰምታም አልከፋት፤ «እሾህ የሌለው አጥር ከብት ይገባበታል» ባይ ናት። አብልጣ የምትወጋው ደግሞ አብሯት ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ባልደረባዋን ነበር። በሽተኛ ፊት ሳይቀር «ዓይን ያለህ ለጌጥ ነው እንዴ?» ትለዋለች።

አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌን የቁልፍ ዘለላ በኪሳቸው እንደያዙ ወደ ማሽኑ ልታስገባቸው ስትል ባልደረባዋ በሩ ላይ ያዛቸው። የማሽኑ ማግኔት ብረት ካገኘ ስቦ ያስወነጭፋል፤ ሰው አይምርም።

«ፈትሼያቸዋለሁ» አለች። አልፈተሸችም። በዚያ ወር ይህ ሦስተኛ ስህተቷ ስለሆነ ባልደረባዋ ለክፍሉ ኃላፊ ለዶክተሯ ተናገረ።

ዶክተሯ የማስታወስ ፈተና ሰጠቻት፤ ከዚያ እዚያው ማሽን ውስጥ አስተኛቻት።

እሾህ ውጤት እስኪነግሯት አልጠበቀችም። የበሽተኛ ጋውን እንደለበሰች መጥታ ከባልደረባዋ ትከሻ ኋላ ቆመች። ትዝታ የሚያዝበት የአንጎል ክፍል በግራም በቀኝም ኮስምኖ ዙሪያው ጠቁሯል። እንዲህ ያለውን ስንት ጊዜ አይታለች።

«የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ።»

«ቀይረኸዋል። ወንበሬን ከፈለግክ አፍ አውጥተህ ብትለኝ ምናለ?»

«ልድገመው?»

«ድገመው። ስሜን ግን እኔ ነኝ የምጽፈው።»

በገዛ እጇ ጻፈች፤ ያው ምስል ወጣ። ዶክተሯ «ምስል ብቻውን አይፈርድም፣ ከጀርባ አከርካሪ ፈሳሽ ቀድተንም እናያለን» ብትላት፣ «ለበሽተኛ የምትይውን ለእኔ አትድገሚልኝ» ብላ በሩን አላትማ ወጣች። ኋላ እሺ ብላ ተቀዳላት፤ የፈሳሹም ምርመራ አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ መሆኑን አረጋገጠ።

ሥራውን ትታ እህቷ ቤት ገባች። ባልደረባዋ እሁድ እሁድ ሊጠይቃት ይመጣል፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አንድ ቀን ሰውየው ተሰናብቶ ሲወጣ እህቷ አላስችል አላት።

«ምን በደለሽ? የሰው ነፍስ እኮ ነው ያተረፈው።»

«አውቃለሁ፤ ልክ ነበር» አለች እሾህ። «ተሳስቶ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። ልክ ስለሆነ ነው ዓይኑን ማየት ያስጠላኝ።»

እሱ ገና ደጃፉ ላይ ጫማውን እያሰረ ነበርና ሰማት። ከዚያ ወዲያ እግሩን አሳጠረ። ለእህቷ እየደወለ ግን ደህንነቷን ይጠይቃል፤ እሱ መሆኑን ስታውቅ እሾህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ታደርጋለች።