የተልባው አሰርና የእትዬ ጥሩነሽ ወፍጮ

ባለፈው እሑድ ልጃችን የተከራየችውን አዲስ አፓርትመንት ልናይ ሄደን ነበር። ቁም ሣጥኑን፣ በረንዳውን፣ በሁለት ሕንጻዎች መካከል በቀጭኑ የሚታየውን ሐይቅ ካሳየችን በኋላ ወጥ ቤት አስገባችንና ከሲንኩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ተጫነች። ከሥር ያለው የምግብ ትራፊ መፍጫ ሲያጉረመርም ባለቤቴ አስካለና እኔ ተያየን። «ተልባ እንዳትጨምሪበት» አለቻት አስካለ። ልጃችን ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ነገሩ የሆነበትን ዓመት በእርግጠኝነት መናገር አልደፍርም፤ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ምናልባትም ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ዐቢይ ጾም እንደነበር ግን አልጠራጠርም፤ በረዶው በየአጥሩ ሥር ጠቁሮ መቅለጥ የጀመረበት ሰሞን ነበር። ዕድሜዬ አርባን አልፎ ስለነበር ወጣት የምባል አልነበርኩም። ሆኖም ካገባ አራት ወር ያልሞላው ሰው በአንድ በኩል ወጣት ነው፤ ጥፋቱም የወጣት ጥፋት ይሆናል።

አስካለ በስፖንሰር መጥታ ከእኔ ጋር መኖር የጀመረችው ከዳንፎርዝ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ ቤት፣ ቤዝመንት ማለትም ምድር ቤቱ ውስጥ ነበር። የቤቱ ባለቤት እትዬ ጥሩነሽ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ እሳቸው ከላይ ይኖራሉ፣ ወጥ ቤቱን በጋራ እንጠቀማለን። በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁት ነገር ቢኖር ባለቤታቸው ጋሽ ታደሰ በገዛ እጃቸው የገጠሙት መፍጫ ነው። «ወፍጮው» ይሉታል። ሥርዓቱን በገባንበት ቀን ነግረውናል፦ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይከፈታል፣ ከዚያ ማብሪያው፤ ድምፁ እስኪጠራ ውሃው አይዘጋም፤ አጥንት፣ ዘይት፣ የሽንኩርት ልጣጭ አይገባም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በረዶና የሎሚ ልጣጭ ጨምረው ያጸዱታል። ጋሽ ታደሰ ያደርጉት የነበረው እንዲያ ስለሆነ እሳቸውም ቅዳሜን አላስታጎሉም። ወፍጮው በረዶውን ሲያደቅ መዳፋቸውን ሲንኩ ላይ አሳርፈው ይቆማሉ። ሎሚው ሲሸት ያነሡታል።

አንድ ዓርብ እንግዶች ስለነበሩን አስካለ ብዙ ተልባ ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በጥብጣ አጠለለች። አሰሩ አንድ ትልቅ ሳህን ሞላ። የት እንደምትደፋው ስታመነታ፣ «እትዬን ልጠይቅ?» አለችኝ። በትምህርት ረጅም ዘመን ያሳለፈ ሰው አላውቅም ማለት ይከብደዋል፤ በተለይ ከሩቅ አገር አምጥቶ፣ ሁሉን አውቃለሁ ብሎ ለሚያስጎበኛት ሚስቱ። «ምን ያስጠይቃል? መፍጨት ሥራው ነው» አልኳት። ጨመረችው። ውሃው እየዘገየም ቢሆን ወረደ፤ እኔም ነገሩን ረሳሁት።

በማግስቱ እትዬ ጥሩነሽ በረዶና ሎሚያቸውን ይዘው መጡ። ማብሪያውን ሲጫኑ ወፍጮው እንደታፈነ ሰው እም ብሎ ዝም አለ። ደግመው ተጫኑት። ከዚያ ዝልግልግ ያለ፣ ግራጫ ውሃ ሲንኩ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ። ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም» አሉ በዝግታ። «ምን ጨመራችሁበት?»

«ተልባ ነው እትዬ። እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለች አስካለ።

በዚያች ቅጽበት ከእኔ የሚጠበቀው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ ጨምሪ ያልኳት እኔ ነኝ። እኔ ግን፣ እስከማስታውሰው ድረስ፣ ተልባ ውሃ ሲያገኝ ስለሚያወጣው ልጋግ ማብራራት ያዝኩ።

እትዬ ጥሩነሽ አላስጨረሱኝም። ከመሳቢያ በጨርቅ የተጠቀለለች የታጠፈች ቁልፍ አወጡ፤ የጋሽ ታደሰ ናት። ጉልበታቸውን ያማቸዋልና መንበርከክ አይችሉም። ቁልፏን ለእኔ ይሰጣሉ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ለአስካለ ሰጧት። «ዶክተር፣ አንተ ባትሪ ያዝ» አሉኝ።

ኤሌክትሪኩን አጥፍተን፣ አስካለ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኛች። የታጠፈውን ቧንቧ ስትፈታው ተልባው እንደ ረጅም ምላስ ባልዲው ውስጥ ተዘረገፈ። ከዚያ ቁልፏን ከመፍጫው ሥር ባለችው ቀዳዳ አስገብታ ወዲያና ወዲህ ማዞር ጀመረች። «ቀስ እያልሽ የኔ ልጅ፤ እሱ ሲለቅ ይነግርሻል» ይሏታል ከላይ። ለቀቀ። ቧንቧውን መልሳ ገጠመች፣ ከመፍጫው ሥር ያለውን ቀይ ማስነሻ ተጫነች፣ መብራቱን መለስን፤ ወፍጮውም ጮኸ። እትዬ ጥሩነሽ መዳፋቸውን ሲንኩ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሎሚውን እየጣሉ እንዲህ አሉ፦ «እኔም አንድ ጊዜ አብሽ ጨምሬበት ነበር። የባለቤቴ ወንድም መጥተው ማነው ያበላሸው ብለው ሲቆጡ፣ ባለቤቴ ‹እኔ ነኝ› አሏቸው። እኔ እዚያው ቆሜ።»

ይህን ሲሉ እኔን ያዩ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሎሚውን ያዩ ይሆናል። ቀጥሎ በረዶ የያዙበትን ጎድጓዳ ሳህን አንሥተው ወደ ላይ ወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አረፉ።

እሑድ ዕለት፣ ልጃችን ሻይ ስትጥድ፣ ለአስካለ ቀስ ብዬ፣ «ለእትዬ እውነቱን ሳልነግራቸው ቀረሁ» አልኳት።

«ነግረሃቸዋል እኮ» አለች። «ደረጃው ላይ ተከትለሃቸው ወጥተህ።»

«አንቺ በምን ሰማሽ?»

«ባልዲውን ሳጥብ።»

እኔ ማስረጃ መመርመር የለመድኩ ሰው ነኝ። ባልዲ የሚያጥብ ሰው ውሃ ከፍቷል፤ ውሃ የከፈተ ሰው ደግሞ ደረጃ ላይ የሚነገረውን አይሰማም። ደረጃውን መውጣቴንም አላስታውስም። በእርግጥ የእኔ ትዝታ ብዙ ጊዜ አሳስቶኛል፤ ግን ሰው ለራሱ የሚያደላ ትዝታ እንጂ ራሱን የሚያሳፍር ፈጥሮ ይይዛል ብዬ አላምንም። ምናልባት አስካለ ይህን ሁሉ ዓመት ከእኔ የተሻለውን እኔን አስቀምጣልኝ ኖራ ይሆናል።

ሻዩ ሲቀርብ ልጄን ጠራኋት። «ያን ጊዜ ተልባውን ጨምሪ ያልኳት እኔ ነኝ። እናትሽ ልጠይቅ ብላኝ ከልክያታለሁ» አልኳት።

«ኦኬ ዳዲ» አለች ግራ ገብቷት።

አስካለ ብርጭቆ ልታለቀልቅ ተነሥታ ነበር። ቀዝቃዛውን ውሃ እየከፈተች፣ ዞር ሳትል፣ «ይኸው፣ ተናግረሃል አላልኩህም?» አለችኝ።