አጠና እንድትሆን የተመለመለችው የአባቴ ድንክ ጥድ

ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የአባቴ ጥድ ከግርጌዋ እስከ አንገቷ ተመልምላ ጠበቀችኝ። የቀረላት አናቷ ላይ ያለችው ቁንጮ ብቻ ናት። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

መልማዩ ጎረቤታችን ጋሽ ዘለቀ ናቸው። ገጀራቸውን እንደያዙ ምስጋና እየጠበቁ ቆመዋል!

«እንድትመዘዝልሽ ብዬ ነው እኮ። ባሕር ዛፉንስ እንዲህ አይደል የምናሳድገው?» አሉኝ።

ጋሽ ዘለቀ፣ ይቺ ጥድ መቼም አጠና አትሆንም! ድንክ ናት፤ ዘሯ ነው! እንደ ባሕር ዛፍም መልሳ አታቆጠቁጥም።

አባቴ በጃንሆይ ጊዜ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ሳለ፣ ከአዲስ አበባ በጣሳ ተክሎ፣ አውቶቡስ ላይ ጭኑ ላይ አቅፎ ያመጣት ናት። ያኔ ከስንዝር አትበልጥም ነበር። ዛሬም ከደረቴ አታልፍም። እንደ ጧፍ ቀጥ ብላ፣ ከመሬት ጀምሮ አረንጓዴ መልበሷ ነበር ውበቷ።

ያኔም የሰፈሩ ሰው «መምህር፣ ይሄ ጥድዎ ለቤት መሥሪያ መቼ ነው የሚደርሰው?» እያለ ይስቅበት ነበር።

አባቴ «ለዓይኔ ደርሷል» ብሎ ውኃውን ያጠጣል።

ዛሬ ስጮህባቸው ጋሽ ዘለቀ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሃምሳ ዓመት ሙሉ አላደገችም እኮ፤ አሳዝናኝ ነው።»

አዝነውላት ነው እንግዲህ! ጠልተዋት ቢሆን ኖሮ ዛሬም አረንጓዴ ነበረች።

እናንተስ፣ አዝኖላችሁ ምናችሁን የመለመለባችሁ ጎረቤት አለ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልቃጠል።