ዳቦ ከመድኃኒት በፊት

ጥንቸሉ ወደ ቤታችን የገባው ኤርፖርት አጠገብ ያለው ሆቴል ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ሴት ወደ ሌላ ከተማ ልትዛወር ስትል ነው። «ለልጅሽ ይሆናታል» ብላ ከነቤቱ አመጣችው። ግራጫ ነው፤ አንዱ ጆሮው ይቆማል፣ ሌላው ወደ ታች ይወድቃል። እኛ ያኔ ባሕር ማዶ፣ ኦቴሎ በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ አፓርትመንት እንኖር ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃችንና ከወሊሶ ከመጡ ጥቂት ወራት የሆናቸው አማቴ።

አማቴ ጥንቸሉን ሲያዩ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ይሄ እኮ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ ነው» አሉ።

«እማማ፣ ልንበላው አይደለም።»

«እሱማ አውቃለሁ። ብቻ ከምድጃው አርቁልኝ።»

ልጄ ስም አውጥታለት ነበር። እሳቸው ግን ስሙ አፋቸው ላይ አልገባ ስላለ «ባለ ጆሮው» ይሉት ነበር። ሲያልፉ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ነው። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉት እሳቸውና እሱ ብቻ ስለነበሩ፣ ሲያወሩለት የሰማሁበት ጊዜ አለ።

በብርዱ ወራት ማስነጠስ ጀመረ። አፍንጫው ነጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ እሱን በፊት እግሮቹ ሲጠርግ ጸጉሩ ይጣበቃል። ጥንቸል የሚያይ የእንስሳት ሐኪም ፈልገን ከከተማው በስተሰሜን አገኘን። ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ አፍንጫው ውስጥ በጥልቅ እንደ ሰፈረ፣ ጨርሶ ላይጠፋ እንደሚችልና መድኃኒቱን ለብዙ ወራት፣ ምናልባትም እስከ ዕድሜው መጨረሻ እንደሚወስድ ነገረን። መድኃኒቱ መራራ ፈሳሽ ነው። ጠዋትና ማታ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በአፉ ጎን እንሰጠዋለን። ልጄ በፎጣ ጠቅልላ ትይዘዋለች፣ እኔ እጨምቃለሁ። አማቴ ከበር ላይ ቆመው ያያሉ።

«ባዶ ሆዱን?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ድርቆሹ፣ ደረቅ ሣሩ አለለት እኮ፣ እማማ።»

«ድርቆሽ ምግብ ነው እንዴ?» ብለው ሄዱ።

አፍንጫው ደረቀ፤ ማስነጠሱም ቀነሰ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ግን ሆዱ ተበላሸ። በፊት በጠጡ እንደ ሽምብራ ክብና ደረቅ ነበር። አሁን ለስላሳ ሆኖ ከኋላው ጸጉር ላይ ይለጠፋል። ከሥራ ስመለስ ልጄና እኔ ለብ ባለ ውኃ እናጥበዋለን፤ እሷ አፍንጫዋን በትከሻዋ ሸፍና። ክሊኒኩ ደወልኩ። ድርቆሽ አብዙለት፣ ቅጠል ቀንሱ አሉኝ። ሰላጣውንም የድንብላል ቅጠሉንም ተውኩ። ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፣ ከዚያ ይመለስበታል። ድርቆሹንም መተው ጀመረ። ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ዓይነት ገዛሁ። እሱንም አሽትቶ ተወው። የሚገርመው ግን አማቴ ለጸሎት ሲነሱ ድምፃቸውን ሰምቶ ከቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ወዷቸዋል ብዬ ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ።

ፍልሰታ እንደ ገባ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከማዕዘኑ አልወጣ አለ። ተኮማትሮ ተቀምጦ ጥርሱን ያፋጫል። ልጄ ተንበርክካ ወለሉን ስታይ ቆየችና ማታ ካጸዳችው ወዲህ ምንም እንዳልወጣው በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ክሊኒኩን ኮል አደረግኩ። ጥንቸል መብላት ካቆመ ቀን አይሰጥም፣ አሁኑኑ አምጪው አሉኝ። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ አድሮ ተኝቷል። ልጄ ጥንቸሉን በካርቶን ይዛ ስትወጣ አማቴን ጫማቸውን አድርገው በር ላይ አገኘኋቸው።

«እኔም እመጣለሁ» አሉ።

ገረመኝ፤ አማቴ ከቤት መውጣት ትተው ነበርና። መጀመሪያ ሰሞን በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን እንወስዳቸው ነበር። በኋላ «እግሬን አሞኛል»፣ «ብርድ ነው» እያሉ ቀሩ። እዚሁ አቅራቢያ ዴ ሞይን ያለችው ልጃቸው ስትጠራቸው እንኳ አይሄዱም። አገሩ አልተስማማቸውም ብለን ነበር።

መንገድ ላይ ብዙም ሳንርቅ «ልጄ፣ እባክሽ አንድ ቦታ አቁሚልኝ» አሉ። ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፓርክ አደረግኩ። ሽንት ቤት ገብተው ቆዩ። ልጄ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀዳዳዎቹን ታያለች። ሲመለሱ ግንባራቸው አልቦት ነበር። «ይቅርታ፣ ንጂ» አሉኝ።

ሐኪሙ የጥንቸሉን ሆድ በሁለት እጁ ዳሰሰ፤ በማዳመጫው ብዙ አዳመጠ። አንጀቱ ጸጥ ብሏል አለ። ከዚያ ምን እንደሚበላ ጠየቀኝ። ዘርዝሬ ነገርኩት።

«ሌላ ምንም? ዳቦ፣ ብስኩት፣ ፍራፍሬ?»

«ምንም» አልኩ።

ልጄ ወደ አያቷ ዞረች። አማቴ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም መታየታቸው ገባቸው።

«ምን አለ?»

«ዳቦ ይበላል ወይ ነው የሚለው።»

«ይበላል እንጂ» አሉ። «ከመድኃኒቱ በፊት እሰጠዋለሁ። ሙዝም ሲኖር። በሽቦው አሾልኬ ነው፤ አልነካውም።»

«ከመቼ ጀምሮ፣ እማማ?»

«መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ነዋ። መድኃኒት በባዶ ሆድ እንዴት ይሰጣል?»

 ሐኪሙ እስክተረጉምለት ፊቴን እያየ ጠበቀ። ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ለሰው ቢሆን ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው በያቸው አለኝ። ከዚያ አስረዳን፤ እኔም ለአማቴ በሚገባቸው ቋንቋ ነገርኳቸው፦ የጥንቸል ሆድ ውስጥ ሣሩን የሚያብላላ እንደ እርሾ ያለ ነገር አለ። መድኃኒቱ መጥፎውን ሲገድል ከእርሾውም ይነካል። እዚያ ላይ ዳቦና ሙዝ ሲጨመር የማይፈለገው ይፋፋል፣ ጥሩው ይዳከማል። ድርቆሹ ደግሞ ሆዱ ሥራ እንዳይፈታ የሚያንቀሳቅሰው ነው።

አማቴ እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ሶ፣» አሉ፤ ይህቺን የእንግሊዝኛ ቃል ከልጄ ነው የለመዷት፣ «መድኃኒት ራሱ ሆድ ያበላሻል ማለት ነው?»

«ያበላሻል፣ አንዳንዱ።»



ሐኪሙ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሰጠው፤ የሕመም ማስታገሻም ወጋው። የአፍንጫውን መድኃኒት ለጊዜው አቁሙ አለን። በውኃ የሚበጠበጥ የሣር ዱቄት ሰጥቶን በየጥቂት ሰዓቱ በሲሪንጅ እንድናበላው አዘዘ። ማታ እኔና ልጄ አበላነው። እሑድ ግን ሥራ ገቢ ነበርኩ፤ ባለቤቴም የቀን ተራ ደርሶት ተተኪ አላገኘም። ልጄ ብቻዋን መያዝም ማብላትም አትችልም።

«እኔ እይዘዋለሁ» አሉ አማቴ።

«እማማ፣ ጾም ላይ ነዎት። ደግሞ እርሱን መንካት…»

«የምጾመው እኔ። እሱ ይብላ። እጅ ይታጠባል።»

ሆቴሉ ውስጥ እንግዶች ቁልፍ ለመመለስ ተሰልፈው ሳለ ስልኬ ጠራ። አማቴ ናቸው። አማቴ ሥራ ቦታ ደውለውልኝ አያውቁም። አንድ ነገር ሆነ ብዬ አነሳሁት።

«ወጣ» አሉኝ።

«ምኑ?»

«በጠጡ ነዋ። ትንንሽ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ግን ወጣ። ድርቆሹንም እየጎተተ ነው። ልጅቷ ንገሪያት ብላኝ ነው።»

ከኋላ ልጄ ስትስቅ ይሰማኛል። ፊቴ የቆመው እንግዳ መልካም ዜና ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነው አልኩት።

ቤት ስገባ አማቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥንቸሉ በፎጣ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ነው። ልጄ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ሻይ አፍልቼ መጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጥንቸሉን እያዩ እንጂ እኔን ሳያዩ፣ ተናገሩ።

«የኔም ሆድ እኮ እንደሱ ነው።»

«እንዴት እማማ?»

«ያንን የስኳሩን ኪኒን ከጀመርኩ ወዲህ ሰላም የለውም። ያጣድፈኛል። ዳቦ ስበላበት ትንሽ ያዝ ያደርገዋል። ቅዳሴ መቆም አልቻልኩም። መኪና ውስጥ እፈራለሁ። የውኃው ነው፣ የአገሩ ነው እላለሁ። ለልጄ ይህን እንዴት ብዬ ልንገር? ወንድ ነው። አንቺም ትደክሚያለሽ።»

ኪኒኑን ያዘዙላቸው እዚህ እንደ መጡ ነው። ክትትል በሄዱ ቁጥር አስተርጓሚው ባለቤቴ ነበር፤ ሆድዎን እንዴት ነዎት ሲባሉ «ደኅና» ይላሉ። በዚያው ሳምንት ይዣቸው ሄድኩ፣ እኔው ራሴ አስተረጎምኩ። ሐኪሟ ብዙም አልተገረመችም። ኪኒኑ ብዙ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል አለችና ቀስ እያለ በሚሟሟው ዓይነት ቀየረችላቸው፤ ከራት ጋር ይውሰዱት አለች። አንድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶ ሆዳቸው ረጋ። መስቀል ሳይደርስ ቤተ ክርስቲያን መመለስ ጀመሩ፤ ዴ ሞይን ልጃቸው ጋ ሄደውም አደሩ። ባለቤቴ ለምን እንዳልነገሩት ደጋግሞ ጠየቀኝ። «እሳቸውን ጠይቅ» አልኩት። አልጠየቃቸውም።

ጥንቸሉ እንደ እሳቸው አልቀለለትም። መድኃኒቱ ሲቆም አፍንጫው ይመለስበታል፤ ሲጀምር ሆዱ ይረበሻል። ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ሞከረ፣ መጠኑንም ቀናነሰ። ከዳቦው ጋር ግን ተለያየ። አማቴ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ድርቆሹን በእጃቸው አቅርበው «በል፣ ቅመስ መጀመሪያ» ይሉታል። አንዳንዴ ይበላላቸዋል። እንዲህ እየተባለ ከሁለት ዓመት በላይ ኖረ።

የሞተው በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች ነው። የአፓርትመንት ነዋሪ መቅበሪያ መሬት የለውም፤ ክሊኒኩ በድኑን ተረከበን። ልጄ ስትመጣ ነገርኳት። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ቆየት ብሎ አማቴ አንኳኩተው ገቡና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለአዋቂ ሰው እንደሚባለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት።

ምን ተብሎ እንደሚመለስ አላስተማርናትም ነበር። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ «ኦኬ፣ እማማ» አለች። እሳቸውም ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው እዚያው ተቀመጡ።