የላምበረት ቁልቁለት በፎሌ

አብዱልገኒ ከወሎ መጥቶ ከላምበረት እስከ ሃያ ሁለት ሚኒባስ ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው። ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሽ አውጥቶ መኪናውን በፎሌ መልቀቅ ልማዱ ነበር፤ ነዳጅ ይቆጥባላ። ይህን ልማዱን ከሚነኩበት ፂሙን ቢላጩት ይሻለዋል። ሥራ ካቆመ በኋላ እንኳ የሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ «ልቀቃት እንጂ!» እያለ ሹፌሩን ያሰለቻል።

ያን ጠዋት ግን መሪውን የያዘው ራሱ ነው፤ መኪናዋም የአማቹ የሱፍያን የኤሌክትሪክ መኪና ናት። ሱፍያን ለሥራ ደሴ ሄዷል። የአብዱልገኒ ልጅ ሰኪና ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ያዛት፤ ደምም ታያት። አምናም እንዲሁ ደም ታይቷት፣ ሆስፒታል ሳትደርስ የመጀመሪያ ልጇን አጥታለች። አምቡላንሱ «መንገድ ላይ ነን» ከማለት በቀር አልመጣ አለ። መኪናዋ ደግሞ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስላደረ ቻርጅ አልተደረገችም።

«ታደርሰናለች?» አለች ሚስቱ ሱሀይላ፣ ከኋላ ልጇን አቅፋ።

«ኢንሻአላህ» አለ። ዳሽቦርዱ አራት ፐርሰንት ይላል።

ከኮተቤ ሳይወጡ ቁጥሩ ሦስት ሆነ። ሰኪና ስለበረዳት ማሞቂያው ተከፍቷል። ላምበረት ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር አብዱልገኒ ትንሽ ተነፈሰ፤ ቁልቁለት የድሮ ወዳጁ ነው። ማርሹን አውጥቶ በፎሌ ለቀቃት። ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ተንደረደረች፤ እሱም በፍሬን እየያዛት ወረደ። ቁጥሩ ሁለት ሆነ።

እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ቁልቁለት ላይ፣ ያውም በፎሌ፣ እንዴት ይቀንሳል? አምና አልጋ ላይ ያየው የሰኪና ፊት መጣበት።

«አባዬ» አለች ሰኪና ምጡ ፋታ ሲሰጣት፣ «ማርሹን ያስገቡት።»

«ያለችውን ይበላታል፣ ልጄ!»

«አይበላም። ሱፍያን ሁሌ እንደዚያ ነው የሚወርደው። ማርሽ ውስጥ ሆና ስትወርድ ራሷን ቻርጅ ታደርጋለች። የሚበላው ማሞቂያው ነው፤ ያጥፉት።»

«በብርድ ልትሞቺ ነው!» አለች ሱሀይላ።

«አምናን አትርሺ፣ እማ።»

ሱሀይላ ነጠላዋን አውልቃ ልጇን ጠቀለለቻት። አብዱልገኒ «ቢስሚላህ» ብሎ ማርሹን አስገባ፣ ማሞቂያውን አጠፋ፣ እግሩንም ከፔዳሉ አነሳ። መኪናዋ ከኋላ ሰው የያዛት ይመስል ተጎተተች። ልትቆም ነው ብሎ ልቡ ቀጥ አለ። አልቆመችም። መገናኛ ሲደርሱ ቁጥሩ ተመልሶ ሦስት ሆኖ ነበር።

ሃያ ሁለት ባለው ሆስፒታል በር ሲገቡ፣ ባትሪው ማለቁን የሚናገረው የኤሊ ምልክት በርቶ፣ መኪናዋ እያዘገመች ነበር። ነርሶች ሰኪናን በአልጋ እየገፉ ወሰዷት፤ ሱሀይላም ተከተለች። መኪናዋ እዚያው ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቀጥ ብላ ቀረች።

ጥበቃው መጣ። «አባት፣ መንገድ ዘግተዋል። ማርሽ ያውጡና እንግፋት።»

አብዱልገኒ ማርሹን በሁለት እጁ ጨብጧል። ዕድሜውን ሙሉ ማርሽ ሲያወጣ የኖረ ሰው ዛሬ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ያወጣ እንደሆነ እዚያ ሰኪና የገባችበት ክፍል ውስጥ አንድ ነገር የሚበጠስ መሰለው።

«ትንሽ ታገሠኝ ልጄ» አለ፤ «የልጄን ወሬ ልስማ።»

ጥበቃው አበደ ብሎ አየው። በዚህ መሃል ሱሀይላ እያለቀሰች ወጣች። አብዱልገኒ ፊቷን ማየት ፈርቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«የሕፃኑ ልብ ይመታል!» አለች መስኮቱ ላይ ተደግፋ። «በጆሮዬ ሰማሁት። ደሙም ቆሞላታል፤ በጊዜ አደረሳችኋት አሉኝ።»

ዓይኑን እንደጨፈነ እንባው ወረደ። ከዚያ ማርሹን አወጣ።

«በል ግፋት» አለው ጥበቃውን።