አሥራ ሁለቱ የወኔ ዓረፍተ ነገሮች

ሥራ የጀመርኩ ቀን ከመቱ በሚኒባስ ሁሩሙ ወርጄ ትምህርት ቤቱ ስደርስ ጭቃው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ በቀለ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «እግርሽን በኋላ ትታጠቢያለሽ፤ ልጆቹ እየጠበቁሽ ነው» አሉኝ። አንድ እሽግ ጠመኔ፣ ዳስተር፣ የስም መጥሪያና የስድስተኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ አስታቀፉኝ። ማዕረጌ ጀማሪ መምህርት፣ ያውም በሙከራ ላይ ያለች።

ልጆቹ ቤትም መንገድም ላይ የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው። አማርኛን የጀመሩት አምስተኛ ክፍል ነው፤ እንደ ሒሳብ፣ እንደ ማንኛውም ትምህርት ማለት ነው። እኔ መቱ ተወልጄ ሁለቱንም እየቀላቀልኩ ያደግሁ ስለሆንኩ፣ ይሄማ ለእኔ ምን አላት ብዬ ነበር።

አሠራሩ የታወቀ ነው። አዲስ ቃል ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ይነበባል፣ ትርጉሙ ይነገራል፤ ከዚያ «በቃሉ ዓረፍተ ነገር መሥርቱ» ይባላል። የመጀመሪያውን ሳምንት ደብተር ሳርም «ወንበር ጥሩ ነው»፣ «ዝናብ ጥሩ ነው»፣ «ሌባ ጥሩ ነው» የሚል አገኘሁ። ሌባውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ተናደድኩ። ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፣ አልደብቅም።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል ሱፐርቫይዘር መጥቶ ክፍል ውስጥ ሊያየኝ ነው ተባለ። ፎርሙ ላይ ከፈረመልኝ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካልፈረመ ሻንጣዬን ይዤ መቱ እናቴ ቤት። እናቴ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ «አስተማሪዋ ልጄ» እያለች ስሜን ረስታዋለች። እኔም ከዚህ ሥራ ሌላ የምፈልገው አልነበረም። እንቅልፍ አጣሁ።

ጋሽ በቀለ ጭንቀቴን አይተው፣ «ምን ያስጨንቅሻል? ክፍልሽን አዘጋጂው» አሉኝ።

«እንዴት ነው የማዘጋጀው ጋሼ?»

«ሁሉም እንደሚያደርገው ነዋ! መልሱን አስጠኚያቸው።»

የዚያ ሳምንት ቃል «ወኔ» ነበር። አንድን ነገር በሙሉ ልብ፣ በጋለ ስሜት ማድረግ ብዬ ተረጎምኩላቸው። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩና ለአሥራ ሁለት ልጆች አደልኩ። «ጀግናው በወኔ ተዋጋ።» «አርበኛው በወኔ ዘመተ።» «ወታደሩ በወኔ ምሽጉን ሰበረ።» ሦስት ቀን እንደ ዳዊት አስደገምኳቸው። ስጠይቅ እነሱ እጃቸውን እንዲያወጡ፣ ሌሎቹ ደግሞ እንዳያነሱ አስጠነቀቅሁ።

ሱፐርቫይዘሩ አቶ ገመቹ የሚባሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ትልቅ ሰው ነበሩ። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ጠየቅሁ፣ አሥራ ሁለቱ እጆች ተነሡ። አንዱ ተዋጋ፣ አንዱ ዘመተ፣ አንዱ ምሽግ ሰበረ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ አቶ ገመቹ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«መምህርት፣ በዚህ ክፍል የማይዋጋ ሰው የለም እንዴ?» አሉ። ከዚያ አጠገባቸው ወዳለችው ልጅ ዞሩና፣ «እስቲ አንቺ» አሏት።

ወኔዬ ከዳኝ። ልጅቷ ኩለኒ ነበረች፤ ሳስጠና የገበያ ቀን ስለነበር ከእናቷ ጋር ማር ይዛ ወርዳ ቀርታለች። በሚቀጥሉትም ቀናት ምንም አልሰጠኋትም፤ በክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። አለቀልኝ አልኩ።

ኩለኒ ተነሣች፤ ቆም እያለች፣ እያሰበች ተናገረች። «አባቴ ስልሳ ዓመቱ ነው። ጉልበቱን ያመዋል። ቀፎ ለመስቀል ዛፍ ላይ ሲወጣ ግን በወኔ ነው። እናቴ ከሥር ትጮኻለች።»

አቶ ገመቹ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «ምን ብላ ነው የምትጮኸው?»

«ቡኢ! ያ ጃርሳ፣ ቡኢ!» አለች፤ ውረድ አንተ ሽማግሌ፣ ውረድ ማለቷ ነው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ያልተፈቀደላቸው እጆች መነሣት ጀመሩ። አንዱ፣ «ወንድሜ ኳስ በወኔ ይጫወታል፤ እንጨት ሲፈልጥ ወኔ የለውም» አለ። ሌላዋ፣ «አክስቴ መዝሙር በወኔ ትዘምራለች፤ ድምፅዋ ግን ጥሩ አይደለም» አለች። ሰዋስዋቸው እዚህም እዚያም ይንገዳገዳል። እኔ ግን ማረሙን ረስቼ አዳመጥኩ።

ከክፍል ስንወጣ አቶ ገመቹ ከዛፉ ሥር አቆሙኝ።

«ስንቱን አስጠናሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። አፌ ግን እምቢ አለኝ። «አሥራ ሁለት።»

«ለዚያች ለባለ ቀፎዋስ?»

«ለእሷ ምንም አልሰጠኋትም፤ ቀርታ ነበር።»

«እንግዲህ በደንብ ያስተማርሽው እሷን ነው» አሉና ፎርሙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ዛሬ አልፈርምልሽም። ከወር በኋላ እመጣለሁ፤ መቼ እንደሆነ አልነግርሽም።»

የዚያን ቀን ጋሽ በቀለን ሸሽቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ግን የአሥራ ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ቀድጄ ክፍል ገባሁና ለልጆቹ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የምታውቁት ሰው ይኑርበት። መጀመሪያ ግራ ተጋቡ። ከዚያ በኋላ ግን አፋቸውን የሚያስይዝ ጠፋ፤ የሁሩሙን ሰው ገመና ሁሉ የሰማሁት ያን ወር ነው!

አቶ ገመቹ ማክሰኞ ጠዋት ሳይታሰብ ከች አሉ። የዕለቱ ቃል «ትዕግሥት» ነበር። ከስልሳ ሁለት ተማሪ አርባ የሚሆነው እጁን አወጣ፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ «ቲቸራችን ትዕግሥት የላትም፤ ግን ትወደናለች» አለ። አቶ ገመቹ እየሳቁ ፎርሙን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እዚያው ፈረሙ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን የኩለኒን አባት ኦቦ ነገሮን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ልጄ ለመንግሥት ሰው ስለ እኔ ምን አለች?» አሉኝ። የኩለኒን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ዓይናቸው እርጥብ አለ። ከዚያ ቆጣ ብለው፣ «ስልሳ አልሞላኝም! ሃምሳ ስምንት ነኝ። እሱን አስተካክይልኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ኖፓም መቱም አስተምሬያለሁ፤ ዛሬ መሪ መምህርት ነኝ። አዲስ የተቀጠሩ መምህራን ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ሲል ክፍሉን እንዴት እናዘጋጅ ብለው ይጠይቁኛል። መልሴ አጭር ነው። ለልጁ ቃሉን ስጡት፤ ዓረፍተ ነገሩን ተዉለት።